ሳይለምኑኝ መረቁኝ

መስከረም 19፣ ከሚሴ

ልጄ ብፅዓት ዛሬ ከቀትር በኋላ ላቧን እንኳ ሳትጠርግ ወደ ቤት ገብታ፣ ደብረ ብርሃን ባለው ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ሥራ ማግኘቷን ነገረችን። እኔም በዚህች ከተማ አባትንም ልጅንም አማርኛ ያስተማርሁ፣ ጡረታ ከወጣሁም ወዲህ ቃልን በየማዕርጉ ማስቀመጥን ያልተውሁ ሰው በመሆኔ፣ ደስታዬን ለዕለቱ ክብር በሚመጥን ንግግር ልገልጽ ተነሥቼ፣ «የአባት ልብ፣ ተክሉ በሌላ ማሳ አብቦ ባየ ጊዜ፣ ምንም እንኳ ከአጥሩ መራቁ ቢያሳስበው...» ብዬ ገና መግቢያው ላይ ሳለሁ፣ ባለቤቴ ማንአልሞሽ ዕልልታዋን ለቀቀችውና ንግግሩ ሳይፈጸም ቀረ።

ነገሩ ግን በዕልልታ አላበቃም። «ብቻዬን አልሄድም» አለች ብፅዓት። «እማዬን በየዓመቱ በዚህ ወቅት ወባ እየጣላት፣ እኔ እዚያ ተቀምጬ ማስተማር አልችልም። ወይ ሦስታችንም እንሄዳለን፣ ወይ ሥራውን እተወዋለሁ። ኅዳር ሳያልቅ መግባት አለብኝ፣ አባባ። አስብበት።»

ማንአልሞሽ እኔን አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። ከዚያም አንድ ቤተሰብ ከቆላ ወደ ደጋ ከመነቀሉ አስቀድሞ የአየሩ ጠባይ፣ የውሃው ጣዕም፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የነዋሪውም ልማድ በጥንቃቄ ሊመረመር እንደሚገባው፣ ይህንንም ምርመራ ያለ አድልዎ የማካሄድ ኃላፊነት በእኔ ላይ መውደቁን በሰፊው አስረዳሁ። ማስረዳቱን ስጨርስ ሁለቱም ወጥ ቤት ነበሩ።

መስከረም 21

ለጀይሉ ነገርሁት። ጀይሉ ከአስፋልቱ ዳር ሱቅ አለው፤ ሽርጥ፣ ስኳር፣ ሳሙናና ቀዝቃዛ ለስላሳ ይሸጣል። ከሱቁ ፊት ባለው የኒም ዛፍ ሥር ሁለት በርጩማዎች አሉ፤ አንደኛው የእርሱ፣ ሁለተኛው የእኔ ነው፤ ጸጉራችን ጥቁር ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እዚያ ተቀምጠን አላፊ አግዳሚውን እንታዘባለን።

«አካም፣ መምህር! ፊትህ እንደ ፈተና ወረቀት ተጨማዷል። ምን ሆንህ?» አለኝ።

ሁሉንም ዘርዝሬ አጫወትሁት። ሰምቶ ሲያበቃ ተነሣና ለአንዲት ደንበኛ ስኳር መመዘን ጀመረ። ሴትዮዋ የጠየቀችው ሳሙና ነበር። ዕድሜ የሰውን ልብ እንዴት እንደሚያዘነጋ ታዘብሁ።

ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ከሰው አፍ ከመስማት ይልቅ በገዛ አካሌ መመስከር ይሻላል ብዬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ድረስ በለስላሳው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሁ። ጀይሉ ተመልሶ ሲያየኝ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«ክንድህን ብቻ ነው እንዴ የምትልከው? ሙሉ ግባ እንጂ! እኔ በሩን ልዝጋልህ።»

ሚስቱ ኡሚ ከጓዳ ጮኸች፤ «ማነው ፍሪጁን ከፍቶ የተወው? ኮካው ሞቀ እኮ!»

«መምህር ደብረ ብርሃን ሄዶ ነው፤ አሁን ይመለሳል» አላት።

ክንዴ እስከ ማታ ደንዝዞ ዋለ። ይህ በሚገባ ሊታሰብበት የሚገባ ማስረጃ ነው።

መስከረም 27

ጎረቤታችን ሰርካለም ደብረ ብርሃን ተምራ የመጣች ነርስ ስለ ሆነች ጠየቅኋት።

«ብርዱ ለትምህርት ጥሩ ነው፣ መምህር» አለችኝ። «ከብርድ ልብስ ውስጥ መውጣት ስለማይቻል ይነበባል።»

«ፀሐይስ የለችም?»

«አለች እንጂ። ግን ለማየት ብቻ ናት።»

በደስታ መዘገብሁት። ነገር ግን ልትሄድ ስትል ዞር ብላ፣ «እትዬ ማንአልሞሽ አጎበሩን ትጠቀማለች አይደል?» አለችኝ። ለነርስ የሚገባውን አክብሮት ጠብቄ፣ አጎበር በቤታችን መኖሩን አረጋገጥሁላት። አጎበሩ ሙቀት ያፍናል ብዬ በነሐሴ ከአልጋው አውርጄ የቲማቲም ችግኞቼን የሸፈንሁበት መሆኑን መጥቀስ ለጊዜው አስፈላጊ ሆኖ አልታየኝም።

ወደ ማታ ችግኞቹን ገልጬ፣ አጎበሩን አጥቤ፣ ከአልጋው በላይ መልሼ ሰቀልሁት። ይህ ከተያዘው ጉዳይ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ጥቅምት 5

ማንአልሞሽን ብርድ ብርድ አላት። በከሚሴ! በዚህ ሙቀት! ብርድ እዚሁ ድረስ እየመጣልን ፍለጋ ደብረ ብርሃን መሄድ ምን ያደርጋል ብዬ ቀለድሁ። አልሳቀችም። ወትሮም በንግግር ውበት ላይ ያላት ጣዕም የተወሰነ ነው።

ጥቅምት 6

ትኩሳት። ስም ትቀላቅላለች። ሊነጋ ሲል ብፅዓት ጀይሉን ጠራችው። ልጁን ሙጂብን ከነመኪናው ይዞ መጣ። በባዶ እግሩ መጣ። እኔ ባርኔጣዬን እየፈለግሁ ሳለሁ ተሸክመዋት ሄዱ። ሆስፒታል በኋላቸው በባጃጅ ደረስሁ።

ባርኔጣው ራሴ ላይ ነበር።

ጥቅምት 11

ማንአልሞሽ ከትናንት ጀምሮ ቤቷ ናት፤ ከስታለች፣ ትስቃለች፣ ሾርባ አልወድም ትላለች። ኡሚ ከአጠገቧ ተቀምጣ ስታጫውታት ዋለች። እኔ በወዲያኛው ክፍል መጻሕፍቴን በማስተካከል ላይ ነበርሁና የሚሉትን አላዳምጥም ነበር። ግድግዳው ግን ስስ ነው።

«ዘንድሮን አመለጥሁ። ለከርሞው ግን እንጃ፣ ኡሚ» ስትል ሰማሁ። እንደ ቀልድ ነው ያለችው።

«ታዲያ መምህር ምን አለ?»

«ነፋሱን እየመረመረ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያም ኡሚ፣ «ሾርባሽን ጠጪ» ስትላት ሰማሁ።

ስለ ነፋሱ ከተነሣ፣ የብፅዓት ስልክ የሁለቱን ከተሞች ሙቀት ጎን ለጎን እያሳየ በየሰዓቱ ይለዋውጠዋል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሐሳቡን ይህን ያህል ጊዜ የሚቀይር ምስክር በየትኛው ሸንጎ ፊት ቀርቦ ቃሉ እንደሚጸና እኔ አላውቅም፤ ስለዚህም ነገሩ በርቀት የሚፈረድ ባለመሆኑ በአካል ተገኝቼ ልመረምር ቈርጫለሁ።

ጥቅምት 22፣ ከደብረ ብርሃን ስመለስ

ትናንት በሙጂብ ሚኒባስ ከብፅዓት ጋር ወጣሁ። የሰንበቴን ከተማ ስናልፍ በሸሚዝ ነበርሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ እንዲያውም ከከሚሴ የባሰ ሙቀት ስለ ነበረ፣ ሰዎች ስለዚያ ብርድ የሚያወሩት ሁሉ ግነት ሳይሆን አይቀርም ብዬ በልቤ መጸጸት ጀምሬ ነበር። ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን ደረብሁ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስታወቱን ሲጋርደው ኮቴን፣ ከተራራው ዋሻ ስንወጣም ጋቢዬን ደረብሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ከየፌስታሉ ልብሱን እያወጣ ሲለብስ፣ ሙጂብ በመስታወቱ አየኝና «አባ፣ ካልሲውን ለእጅህም አድርገው» አለኝ። እንደ ቀልድ ቢናገረውም በኋላ አድርጌዋለሁ።

ከተማዪቱ፣ ፍትሕ ስለሚያስገድደኝ እናገራለሁ፣ ንጹሕ ናት፤ ውሃዋ ጣፋጭ ነው፤ ተማሪዎቿም መጽሐፍ ደረታቸው ላይ አቅፈው ይሄዳሉ፤ ለዕውቀት ይሁን ለሙቀት ግን ለይቼ አላወቅሁም። ዝናዋ በሙሉ በምታመርተው ብርድ ልብስ መሆኑ ደግሞ ከራሷ አንደበት የተገኘ የእምነት ቃል ሆኖ ታይቶኛል።

ብፅዓት ያየችውን ቤት አከራይዋ አሳዩን፤ ሦስት ካልሲ ደራርበው ያደረጉ ደርባባ ሴት ናቸው።

«ብርዱ እንዴት ነው፣ እመቤት?» አልሁ።

«ይለመዳል» አሉኝ። «እኔ እዚህ ስኖር ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ እየለመድኩት ነው።»

«ትንኝስ?»

«ምን?»

«ትንኝ። ወባ የምታመጣዋ።»

ሴትዮዋ ከቤታቸው የጎደለ ዕቃ የተጠየቁ ያህል አፍረው፣ «እሱማ የለንም፣ ጌታዬ» አሉ።

ብፅዓት እኔን አላየችኝም። መስኮቱን ነበር የምታየው። በዚህ ረገድ ያለውን ብልጫ ሳልሸሽግ መዝግቤዋለሁ፤ ነገር ግን ትንኝ እንኳ ልኑርበት ያላለችውን አገር ሰው እንዴት ይኖርበታል የሚለው ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም።

ማንአልሞሽ ስመለስ ደጃፍ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። «እንዴት ነው?» አለችኝ።

የታዘብሁትን ሁሉ ከሰንበቴ ጀምሬ አወጋኋት።

«የቤቱ ነገርስ?» አለችኝ ስጨርስ። «ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?»

ጥያቄን በዚህ መንገድ ማጥበብ ለምርመራ እንደማይበጅ አስረዳኋት።

ኅዳር 2

ብፅዓት ዛሬ «አባባ፣ እሺ ወይስ እምቢ?» አለችኝ። እኔም መልሴን በቅድመ ሁኔታዎቹ ስጀምር፣ «ግሱ ሲደርስ ጥራኝ» ብላኝ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። የዩኒቨርሲቲ መምህር እንዲህ ይናገራል!

እውነቱን ለዚህ ደብተር ልናገር። እምቢ ብል ልጄ ሥራዋን ትተዋለች፣ ሚስቴም «እርስዎ» ትለኛለች፤ ማንአልሞሽ አንቱ ማለት የጀመረች ዕለት ለሳምንት ያህል በቤቴ እንግዳ ሆኜ እኖራለሁ። እሺ ብል ደግሞ... አየሩ አይስማማኝም። ጉዳዩ የአየር ነው። ሌላ ነገር ያለው የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል።

ስለዚህ አንድ ብልሃት መጣልኝ። በእኛ አገር ለመሄድ የተነሣ ሰው ዝም ተብሎ አይሸኝም። ጎረቤቶቹን ጠርቶ መሄዱን ሲነግራቸው፣ «የት ልትሄድብን?» እያሉ ይለምኑታል፤ እርሱም እምቢ ይላል። ደግመው ይለምኑታል፤ ደግሞም እምቢ ይላል። በሦስተኛው የሽማግሌ ቃል ይከብደውና ይቀራል። እንዲህ የቀረ ሰው የቀረው በራሱ ፍላጎት ሳይሆን በሽማግሌ ክብር ነውና፣ ሚስትም ልጅም ሊወቅሱት አይችሉም። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ወደ ማታ፣ ጎረቤቶቻችን ለዱአ በሚሰበሰቡበት ሰዓት፣ መሄዳችንን በይፋ እናገራለሁ። ልመናውን የሚጀምረው እንደ ወጉ ጀይሉ ነው። ጀይሉ ደግሞ ለልመና ማን ብሎት! የሞተ ደንበኛ ያስነሣል።

ኅዳር 9

ሦስቱን መልሶቼን ጽፌ ጨረስሁ። የመጀመሪያው እምቢታ ጽኑ ነው፤ ሁለተኛው ሐዘን የተቀላቀለበት ነው፤ ሦስተኛው «የሽማግሌ ቃል ከልቤ ጽናት በልጦ፣ እግሬንም ከደጃችሁ አስሮት...» ብሎ የሚጀምረው እሺታ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከጻፍሁት ሁሉ የሚልቅ ነው። ዛሬ ረፋዱ ላይ ከጓሮ ቆሜ ለቲማቲሞቼ አነበብሁላቸው። ዞር ስል ማንአልሞሽ ልብስ ታሰጣ ኖሯል።

«ማንን ነው እሺ የምትለው?» አለችኝ።

«ልምምድ ነው» አልሁ።

ቀጥሎ ወንፊት ልትዋስ ወደ ኡሚ ቤት ሄደች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ወንፊት አልያዘችም።

ኅዳር 11

መረቁኝ።

ኅዳር 12

ትናንት መጻፍ አልቻልሁም፤ ዛሬ ልቤ ጥቂት ተመልሷል።

ምንጣፉ በጀይሉ ግቢ ተነጥፎ፣ ጫቱ በመካከል ተቀምጦ፣ ሁላችንም በየቦታችን ነበርን፤ እኔ ከቅጠሉ ባልቀምስም ከምንጣፉ ጥግ የታወቀ ቦታ አለኝ። እናት አሻ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ ከራስጌ ተቀምጠው ነበር። ተነሥቼ ንግግሬን ጀመርሁ፤ ከዚህ አገር ሰው ጋር ስላሳለፍሁት ዘመን፣ ስለ ልጄ ሥራ፣ ስለ አየሩም ጠባይ በተመዛዘነ መንገድ አንሥቼ፣ «ስለዚህም ወደ ደብረ ብርሃን ለመሄድ መወሰናችንን በከባድ ልብ...» ካልሁ በኋላ፣ ልመናው የሚገባበትን ክፍተት ለመስጠት ትንፋሽ ወሰድሁ።

በዚያች ትንፋሽ መካከል ጀይሉ ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«ኦ ረቢ!» አለ።

ይህ የልመና አጀማመር እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ግን ረፍዷል።

«ረቢ ነጋን እሲን ሃ ገልቹ! በሰላም ያግባችሁ!»

«አሚን!» አለ ምንጣፉ ሁሉ።

«ብርዱን ያሙቅላችሁ! ማንአልሞሽን ከትኩሳት ያውጣልን!»

«አሚን!»

«ልጃችሁን ያስከብርላችሁ! ይህን ሰው ደግሞ፣ ያ አላህ፣ ንግግሩን ያሳጥርለት!»

«አሚን!» ከሁሉም የጮኸው ይህኛው ነበር። እናት አሻ እንኳ ጆሯቸው ከብዶ ሳለ ይህቺን ሰሙ።

እኔስ? እጆቼ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ተዘርግተው ነበር። አሚን አልሁ። ምን ልል ኖሯል? በዚህ አገር የሽማግሌ ምርቃት ተቀብሎ አልሄድም ማለት የመረቀውን ጉባኤ ሁሉ ማሳፈር ነው። ሦስቱም መልሶቼ በኪሴ እንዳሉ ቀሩ። ዱአው ሲያበቃ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ መዳፉን በፊቱ ላይ አበሰ፤ ጀይሉ ግን ከልማዱ አስረዝሞ አበሰ። ከዚያም እኔን ሳያየኝ ለሻይ ስኳር ላመጣ ብሎ ወጣ። ስኳሩ ምንጣፉ ላይ ነበር።

ከሁሉ የደነቀኝ ማንአልሞሽና ኡሚ ከሴቶቹ መካከል ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድም ጊዜ አለመደንገጣቸው ነው።

እኔን ከዚህ ከተማ ለማባረር የቸኮለ ወዳጅ አለኝ ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ከቀረ አየሩን ስለ ምን እመረምራለሁ? ሳይለምኑኝ መረቁኝ!

ኅዳር 21፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬ ገባን። ሙጂብ እቃችንን ጭኖ አመጣን። ጀይሉ ለመሸኘት አልመጣም። «እሑድ ነው፤ ሰንበቴ ገበያ ሄዷል» አለች ኡሚ፤ ማንአልሞሽን አቅፋ ታለቅስ ስለ ነበር ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም።

ሰንበቴ ስንደርስ ገበያው በአፋርና በደገኛ፣ በግመልና በፍየል ተጨናንቆ ነበር። ሙጂብ ማንም ሳያዝዘው መኪናውን አቀዘቀዘ። ጀይሉ ከገበያው ርቆ አስፋልቱ ዳር ቆሟል፤ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ከአንድ ፍየል ጋር ይከራከራል። የፍየሉ ባለቤት በአካባቢው አልነበረም። አልጠራሁትም። የቸኮለን ሰው በሥራው መካከል ማወክ ጨዋነት አይደለም።

ከዋሻው እስክንወጣ ድረስ የእቃችንን መታሰር ለማረጋገጥ ወደ ኋላ ሳይ ሄድሁ።

ኅዳር 25

ብርድ።

የማንአልሞሽ የጸጉር ቅቤ፣ በከሚሴ ዘመኑን ሁሉ እንደ ዘይት ሲፈስስ የኖረው ቅቤ፣ ዛሬ በማንኪያ አልወጣ ብሎ በቢላ ተቈረጠ። ከዚህ በላይ ምን መለኪያ ያስፈልጋል?

ታኅሣሥ 4

ውርጩ ደጃፉን አነጣው። በሁለት ጋቢ ውስጥ ሆኜ እጽፋለሁ፤ እጄ የራሴን ጽሕፈት አላውቅም እያለ ነው። ብፅዓት ተማሪዎቿን ትወዳለች። ትናንት ማታ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታስተምር ሰው ሁሉ እንዳዳመጣት ስትነግረኝ፣ በቤታችን ይህ ነገር የሚቻል መሆኑ አስገረመኝ።

ማንአልሞሽ ከአከራይዋ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስማ ትመጣለች፤ በእግሯ፣ ዳገቱን! እድር ገብታለች። ስሟን በመንገድ ላይ የሚጠሯት ሰዎች አሉ። እኔን «የማንአልሞሽ ባል» ይሉኛል።

ጀይሉ ስልክ አያነሣም። ኡሚ ዘንድ ስደውል «ሱቅ ነው» ትላለች፤ ሱቁ ስደውል ሙጂብ «ቤት ነው» ይላል። መቼም በሱቁና በቤቱ መካከል ባለው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አይኖር! እኔ ግን አልተቀየምሁም። የመረቀን ሰው መቀየም አይቻልም።

ታኅሣሥ 13

ዛሬ ማንአልሞሽን፣ «እንዲያው ይህ ብርድ አልከበደሽም?» ብላት፣ ድንች እየላጠች፣ «ትኩሳት አይደለም እኮ፣ አንተ የብፅዓት አባት» አለችኝ። «እርስዎ» ሳትል፣ «አንተ» ብላ። ሳትቈጣ።

 ከአጠገቧ ተቀምጬ ልጣጩን ሰበሰብሁ።

ታኅሣሥ 21

ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው ሁለት ካፖርት የደረበ፣ በላያቸውም ሽርጥ የታጠቀ፣ ፊቱን በፎጣ የጠቀለለ ፍጡር ቆሟል። በአንድ እጁ በርጩማ ይዟል።

«አካም፣ መምህር» አለ ከፎጣው ውስጥ። «ይኼ አገር ነው ወይስ ፍሪጅ? አስገባኝና በሩን ዝጋው!»

ጀይሉ ነበር። ማንአልሞሽ የምትልጠውን ድንች እንደያዘች እየሳቀች ወጣች። ፎጣውን ፈታና እርሷን ብዙ አያት፤ «ማሻአላህ፣ ጉንጭ አውጥተሻል። ትኩሳቱስ?»

«የለም፣ ጀይሉ። አንድ ቀን እንኳ።»

«አልሐምዱሊላህ። በቃ፣ አሁን መናገር እችላለሁ» ብሎ በርጩማውን አስቀመጠ። የእኔው በርጩማ ነው። «ኒሙ ሥር ባዶውን ተቀምጦ እያየኝ አስቸገረኝ። ውሰድልኝ።»

ክብሬን ጠብቄ፣ «ስልክስ ስለ ምን አታነሣም?» አልሁት።

«ድምፅህን ብሰማ 'ተመለስ' እልህ ነበራ! አንተ ደግሞ ሻንጣህን እስክታነሣ አትቆይም።»

«ያን ዕለትስ? በሰው ፊት እንኳ አንድ ጊዜ አትሂድ ሳትለኝ?»

«እሺ ትል ስለ ነበር ነዋ!» አለ። ወደ ማንአልሞሽ ዞር ብሎ፣ «መልሱን ለቲማቲም አንብቦ ጨርሷል አላልሽኝም?»

ማንአልሞሽ ድንቿን አየች።

«ደንብ ግን አላጓድልም» አለ ጀይሉ። «አሁን ተደላድለህ ተቀምጠሃል፤ አሁን አያሰጋም። ልለምንህ ነው የመጣሁ።» ካፖርቶቹን አስተካክሎ ቆመ። «መምህር ፈቃደ! በልጅህ ይዤሃለሁ፣ የት ልትሄድብን ነው? ኒሙን ለማን ትተህ? አትሂድ።»

ወረቀቶቼ በመጽሐፍ ውስጥ ነበሩ። አወጣኋቸው። የመጀመሪያውን እምቢታ በሚገባው ድምፅ ማንበብ ጀመርሁ፤ ግማሹ ላይ ስደርስ፣ «ባጭሩ እምቢ በለኝ፣ ወላሂ! ሙጂብ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የቆመው፤ ካጠፋው በዚህ ብርድ አይነሣም» አለኝ። እኔ ግን እስከ ፍጻሜው አነበብሁት። ሁለተኛ ለመነኝ፤ ሁለተኛውን ሐዘን የተቀላቀለበትን አነበብሁ፤ ሐዘኑ ከጠበቅሁት በላይ ስለ ሆነ አንዳንድ መስመር ዘለልሁ።

ሦስተኛ ለመነኝ። በዚህኛው ድምፁ ቀነሰ። «አትሂድ እንጂ» አለኝ ብቻ።

በሦስተኛው ወረቀት ላይ የተጻፈው እሺታ ነው። «የሽማግሌ ቃል ከልቤ ጽናት በልጦ...» የሚለው፣ ከጻፍሁት ሁሉ የሚልቀው። ማንአልሞሽ ድንቹን መላጥ አቁማ ቢላዋን እንደያዘች ቆማለች። ወረቀቱን አጠፍሁት።

«አይሆንም» አልሁ።

ማንአልሞሽ ቀጣዩን ጠበቀች። ጀይሉም ጠበቀ። የሚቀጥል ነገር አልነበረም።

«ይኼው ነው?» አለች።

«ደረሰ!» ብሎ ጮኸ ጀይሉ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ጣራው ዘርግቶ። «ያ አላህ! ምርቃቴ ደረሰ! ንግግሩን አሳጠረለት!»

ማንአልሞሽ ወንበር ላይ እስክትወድቅ ሳቀች። ሙጂብም በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍቶ ገባ። ጾም በመሆኑ ምሳው ሥጋ የሌለበት ነበርና የእኔን ማዕድና የእነርሱን የሚለይ ነገር አልነበረም፤ ከአንድ ትሪ በላን። መኪናውን ለማስነሣት ግን የሰፈሩ ተማሪዎች ሁሉ ገፉት።

ሲሄዱ ደጃፍ ድረስ ወጥቼ ሸኘኋቸው። ጀይሉ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ፎጣውን አውለበለበ፤ ከዚያም በዚያው ፎጣ ዓይኑን ጠረገና፣ «ይኼ ብርድህ ዓይን ያስለቅሳል፣ መምህር!» ብሎ ጮኸ። መኪናው ከጠፋ በኋላ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ነገሩን በራሴ አረጋገጥሁ፤ እውነትም ያስለቅሳል። የዚህን ከተማ የአየር ጉድለት አንድ ባንድ እየመዘገብሁ ኖሬ፣ ይህን አንዱን እስከ ዛሬ ማለፌ ይገርመኛል።